ክርክር፦ መጀመሪያ ባንክ ወይስ መጀመሪያ ቤት?

ጠያቂው፦ እኔና ባለቤቴ ቤት በብድር ልንገዛ አስበናል። እርሷ «ቤት ከማየታችን በፊት ባንኩ ምን ያህል እንደሚፈቅድልን እንወቅ» ትላለች። እኔ ደግሞ ላላየሁት ቤት ብድር መጠየቅ አልዋጥልህ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎን ይስሟቸው። እኛ ቤቱን አስቀደምን። ልጄ አልጋዋ የሚያርፍበትን ጥግ በእርምጃዋ ለካች፤ እኛም ልባችን ሸፈተና ቀብድ ከፈልን። ባንኩ ግን ያላለቀውን የመኪና ብድራችንን ከገቢያችን ላይ ሲያሰላው፣ የሚፈቅድልን ገንዘብ ለቤቱ አልበቃ አለ። ቀብዳችንም ቀልጦ ቀረ። ልጄ ዛሬም በዚያ ሰፈር ስናልፍ ዝም ትላለች።

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ያሳዝናል፤ እንዲህ ያለውን ብዙ አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ይለይ። ገቢዎን በቃል ሰምቶ «ይህን ያህል ይደርስዎታል» ማለት ግምት ብቻ ነው። የደመወዝ ማስረጃ፣ የሒሳብ መግለጫና የዕዳ ታሪክ ተመርምሮ የሚሰጠው ቅድመ ፈቃድ ነው ክብደት ያለው። እርሱም ቢሆን የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የባንኩ ገማች ቤቱን ከተስማማችሁበት ዋጋ በታች ከገመተው፣ ልዩነቱ ከኪስ ይወጣል። በመካከል ሥራ መልቀቅ ወይም አዲስ ዕዳ መግባትም ፈቃዱን ሊያሽረው ይችላል።

ተቃዋሚው፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ባንኩ በሚሰጠው የቅድመ ፈቃድ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው የብድር ጣሪያ ወዲያው የሰው ዓላማ ይሆናል። ባንኩ እናቴን እንደምጦር፣ ልጄ ከርሞ ትምህርት ቤት እንደምትገባ አያውቅም። ሻጩ ደብዳቤውን ካየ ደግሞ ከዚያ በታች አይወርድም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለሻጩ ጣሪያውን ማሳየት ግዴታ አይደለም። ደብዳቤው ባቀረባችሁት ዋጋ ልክ እንዲጻፍ ባንኩን መጠየቅ ይቻላል። አቅምን አለማወቅ ግን ከሻጭም ከባንክም አያድንም።

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦ የጣሪያው ስጋት እውነት ነው፤ ወለድ ሲጨምር ያው ብድር እንዴት እንደሚከብድ በቁጥር ላሳይ። 1,000,000 በ20 ዓመት፣ በ10 በመቶ ወለድ ሲበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 9,650 ገደማ ነው። ወለዱ 12 በመቶ ቢሆን 11,010 ይደርሳል። ክፍያዎ ከ9,650 እንዳያልፍ ከፈለጉ ደግሞ መበደር የሚችሉት ወደ 876,000 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ሲቀበሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወለዱ እስከ ውል ቀን ይጸናል? ፈቃዱ የሚያበቃው መቼ ነው? ጊዜው ካለፈ ሰነዱ እንደገና ይመረመራል።

ተቃዋሚው፦ እንግዲያው ባንክ መሄዱን አልቃወምም፤ ከባንኩ በፊት ግን ቤተሰቡ የራሱን ቁጥር ይወስን። ሦስት ወር ያህል በአሁኑ ኪራይና በወደፊቱ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ለብቻው አስቀምጡ። ሁለተኛው ወር ላይ ከዚያ ገንዘብ መቆንጠር ከጀመራችሁ፣ ቁጥሩ በዝቶባችኋል።

ጠያቂው፦ ይህን ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። እህቴ፣ የቀብዱ ውል ላይ ምን ብናስጽፍ ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት፦ «ባንኩ ብድሩን ባይፈቅድ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ለገዢ ይመለሳል» የሚል ይግባበት። በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም ይጻፍ። ሻጩ እምቢ ካለ ቀብዱን አይክፈሉ።