ልጆቻችን ሶቅራጥስን ቢያነቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፤ በውጭ የተወለዱ ልጆቻችን የፈረንጅ ፈላስፎችን በተማሩ ቁጥር ከእኛ እየራቁ ነው በማለት አንድ ወንድማችን የጻፉትን አንብቤ፣ ስጋታቸውን ብጋራም በድምዳሜያቸው አልተስማማሁም።

ለገና ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ልንጠይቅ በሄድንበት ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ልጄ ሶቅራጥስ በአቴና ሸንጎ ፊት ያቀረበውን የመከላከያ ንግግር ለትምህርት ቤቱ ያነብ ነበር። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ አጎቱ በተናገረ ቁጥር «ይህን በምን አወቅህ?» እያለ መፈናፈኛ አሳጣው (ታላቁን «አንተ» ማለቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር)። አጎቱ ሊቆጣ ሲል፣ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩት አባቴ «እኛስ የቆጠርነውን ቅኔ ለየኔታ ስንነግር እያንዳንዱ ቃል እየተመረመረ አልነበረም የምንታረመው?» ብለው አበረዱት። ከዚያም ልጁን አስጠግተው ስለ መጽሐፈ ፈላስፋ አጫወቱት። ይህ መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ የሶቅራጥስ፣ የፕላቶና የአርስቶትል ናቸው የተባሉ አባባሎችን ይዟል። ምዕራባውያን ራሳቸው ከአርስቶትል ሥራዎች አንዳንዶቹን በ12ኛው መቶ ዘመን በስፔኗ ቶሌዶ ከተማ ከዓረብኛ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ያገኙት በመሆኑ፣ «የእነርሱ ብቻ» የሚለው አነጋገር ብዙ አያስኬድም።

ነውሩንም አልደብቅም። አርስቶትል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ጽፏል። ዳሩ ግን ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1852 ሮቼስተር ከተማ ላይ ተነሥቶ፣ የአሜሪካን የ1776 የነጻነት አዋጅ በባሪያ አሳዳሪዎቹ ላይ መልሶ ሞግቶበታል። አዋጁን ባያውቀው ኖሮ በምን ይሟገታቸው ነበር? እኛም የምንኖረው ሕጉም ፍርድ ቤቱም በዚሁ የአስተሳሰብ ቅርስ ላይ በቆመበት አገር ስለሆነ፣ ልጆቻችን መብታቸውን ለመጠየቅ የሚያስችላቸውን ቋንቋ ከዚያው ነው የሚያገኙት።

ስለዚህ ለትልልቆቹ ልጆች በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ላይ የሶቅራጥስን የመከላከያ ንግግርና መጽሐፈ ፈላስፋን ጎን ለጎን ብናስነብብ የሚል ሐሳብ አለኝ። ልጄ አሁን በየሳምንቱ ከአያቱ በስልክ የግእዝ ግስ ይማራል፤ ሲያርሙት ዛሬም «በምን አወቁ?» ይላል፤ «አንቱ» ማለቱን ግን ለምዷል።