ለ1996 ማዝዳ ሚያታ የስፖርት መቀመጫ፦ የትኛውን ልምረጥ፣ እንዴትስ ልግጠም?

ረጅሙ ሹፌር (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የ1996 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ አለኝ፤ የፊት መብራቶቹ ብቅ ጥልቅ የሚሉት የመጀመሪያው ትውልድ ማለቴ ነው። በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ እመላለስበታለሁ። በሞቃቱ ወራት ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ እየወሰድሁ፣ ክለቦች ለተራ አሽከርካሪዎች በሚያዘጋጁት የሥልጠና ቀን እነዳዋለሁ።

ችግሬ ሁለት ነው። ቁመቴ 188 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የጨርቅ ጣሪያው ሲዘጋ አናቴን ይነካኛል፤ ሄልሜት ካጠለቅሁማ አንገቴን ካልሰበርሁ በቀር መቀመጥ አልችልም። በሌላ በኩል የፋብሪካው መቀመጫ ጎኔን ስለማይይዝ፣ መኪናው ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ በግራ ጉልበቴ በሩን፣ በቀኝ ጉልበቴ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ከፍ ብሎ የሚያልፈውን የካምቢዮውን ዋሻ እየገፋሁ ራሴን እደግፋለሁ፤ መሪውን የያዝሁት መኪናውን ለማዞር ይሁን ላለመንሸራተት የማይለይበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የስፖርት መቀመጫ ልገጥም አስቤአለሁ። የአምራቾቹን ስሞች አውቃቸዋለሁ፦ ሬካሮ፣ ስፓርኮ፣ ኦኤምፒ፣ ብራይድ። ጀርባው የማይታጠፈውን ባኬት ልምረጥ ወይስ የሚታጠፈውን? ባለቤቴ አልፎ አልፎ ስለምትነዳውና የእርሷ ቁመት 160 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሐዲድ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። አብሬም ሁለቱንም ትከሻና ዳሌን በአራት ቦታ የሚያስር ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ ለማስገባት አስቤ ነበር፤ መኪናው ግን ከመገልበጥ የሚከላከለው ብረት፣ ሮል ባር የሚባለው፣ የለውም። ሥራውን በራሴ እጅ ለመሥራት ነው ሐሳቤ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

የጋራዡ ሰው (ሜሪላንድ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከመቀመጫው ስም በፊት የመኪናውን ልክ ቢያውቁ ይሻላል፤ በሚያታ ላይ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው የገዢው ፍላጎት ሳይሆን በካምቢዮው ዋሻና በበሩ መካከል ያለው ቦታ ነውና። የፋብሪካውን መቀመጫ አውጥተው ያንን ስፋት በሦስት ከፍታ ይለኩት፦ ወለሉ አጠገብ፣ ዳሌ በሚያርፍበት፣ እንዲሁም ትከሻ በሚደርስበት። ሻጩ የጻፈውን ስፋት ሲያነቡ ደግሞ የውስጥ ይሁን የውጭ ይለዩ፤ የውስጡ ልክ ዳሌዎ መግባት አለመግባቱን ይነግርዎታል፣ የውጩ ደግሞ በሩ መዘጋት አለመዘጋቱን። በጎን የሚታሰሩት መያዣ ብረቶችም የራሳቸውን ውፍረት በግራና በቀኝ ይጨምራሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት መቀመጫ በሩን አላዘጋ ብሎ ገና ሳይቀመጡበት ለሽያጭ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። የመቀመጫውን ቅርጽ በልኩ ከካርቶን ቆርጦ መኪናው ውስጥ አስገብቶ መሞከር ግን ምንም ወጪ የለውም።

የእርስዎ ችግር ከሁሉ በፊት የከፍታ ስለሆነ የሚታጠፈው መቀመጫ አይረዳዎትም ባይ ነኝ። የሚታጠፉት ከሥራቸው የብረት አካልና ሐዲድ ስላላቸው ከፋብሪካው መቀመጫ እምብዛም ዝቅ አይሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ባኬቱ ግን በጎኑ በቡሎን ስለሚታሰር ወለሉን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከሥሩ ሐዲድ ከገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህሉን መልሶ ይወስድብዎታል፤ ስለዚህ የባለቤትዎ እግርና የእርስዎ ራስ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ እየተሻሙ ነው ማለት ነው። በዚህ መኪና ላይ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ስለማይስተካከል፣ መቀመጫው ዝቅ ማለቱ ለጭንዎም ፋታ ይሰጣል፤ ባለቤትዎ ግን በዳሽቦርዱ አሻግራ መንገዱን ለማየት ትራስ ሊያስፈልጋት ይችላል። ሐዲዱን ማስቀረት የማይቻል ከሆነ፣ ሎተስ ኤሊዝ የተባለው የስፖርት መኪና መቀመጫ በሚያታ ባለቤቶች ዘንድ የሚወደደው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ልጠቁም፤ ስፖንጁ ስስ፣ ጀርባው የማይታጠፍ፣ ለዝቅተኛ መኪና የተሠራ ነው፤ ለሚያታ ወለል የሚስማማ መያዣ ብረትም ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን የፋብሪካውን መቀመጫ ጨርቅ ገልጠው ስፖንጁን ያሳንሱት። ይህ በረጃጅም የሚያታ ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ይገኙበታል። የሚቆረጠው ዳሌዎ ከሚያርፍበት ሥር ብቻ ይሁን። ከጭን ሥር ያለውን የፊተኛውን ከፍታ አይንኩ፤ በግጭት ጊዜ ዳሌ ከቀበቶው ሥር እየተንሸራተተ እንዳያመልጥ የሚያግደው እርሱ ነው።

ስለ ባለ አራት ነጥቡ ቀበቶ ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ ሮል ባር ሳይኖር አይግጠሙት። የፋብሪካው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አንዱን ትከሻ ነጻ ስለሚተው፣ መኪናው ቢገለበጥ የላይኛው አካል ወደ ጎን የማጋደል ዕድል አለው። ባለ አራት ነጥቡ ግን ሰውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያስር፣ ከላይ የብረት ጣሪያ በሌለው መኪና ላይ መሬቱን የሚቀበለው ራስዎ ይሆናል። የትከሻውን ማሰሪያ ወደ ኋላ ወስዶ ወለል ላይ ማሰርም ሌላ ጥፋት ነው፤ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች እየሳበ የጀርባ አጥንትን ይጨምቃል። የፊያ (የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን) ደንብ የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻ ወደ ኋላ በጣም ዝቅ እንዳይል የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ደግሞ በሚያታ ላይ የሚያስገኘው የሮል ባሩ አግዳሚ ብረት ነው። በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ የሌለው ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ፣ ሲጎተት መቆለፊያውን ወደ ሆድ ከፍ ስለሚያደርገው ባለ ስድስት ነጥቡ ይመረጣል። የጀርመኑ ሽሮት ይህን ለመከላከል በአንደኛው የትከሻ ማሰሪያ ላይ በኃይል የሚፈታ ስፌት ያለበት ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ ይሠራል፤ ሌሎቹን በዚያ ሚዛን ማየት ግን አይገባም።

የሜዳ አሠልጣኝ (ጆርጂያ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ያላሰቡት አንድ ወጪ አለ። በሥልጠና ቀን አጠገብዎ አሠልጣኝ ይቀመጣል። የፖርሽና የቢኤምደብሊው ክለቦችን ጨምሮ ብዙ አዘጋጆች፣ ለሹፌሩ የተደረገው መከላከያ ለተሳፋሪውም እኩል እንዲደረግ ያስገድዳሉ። እርስዎ በባኬትና በባለ ስድስት ነጥብ ቀበቶ ታስረው እኔ ልፍስፍስ በሆነ የፋብሪካ መቀመጫ ላይ እንድቀመጥ የሚፈቅድ ክለብ ቢኖር እንኳ፣ እኔ አልገባም። ስለዚህ የዋጋውን ስሌት ሲሠሩ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት መያዣ፣ ሁለት ቀበቶ ብለው ይሥሩት።

ጣሪያቸው ለሚከፈት መኪናዎች ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት ፈተና አለ። ሄልሜትዎን አጥልቀው፣ ቀበቶዎን አጥብቀው ከተቀመጡ በኋላ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ከሮል ባሩ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ አናት ድረስ ይዘረጋል፤ ሄልሜቱ ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት። 188 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ በፋብሪካው መቀመጫ ላይ ሆኖ ይህን ሲያልፍ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄ የትኛው መቀመጫ ያምራል ወይም ጎንን ይይዛል ሳይሆን፣ የትኛው ከእንጨቱ በታች ያስቀምጥዎታል ነው። ከሮል ባሩ በፊት መቀመጫ የሚገዛ ሰው ደግሞ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚገዛው፤ ብረቱ ሲገባ መቀመጫው ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታም ሊጠብ ይችላልና፣ ቅድሚያ ለሮል ባሩ ይስጡ።

በከተማ ውስጥ ያለ ሄልሜት ስለሚነዱም፣ ከራስዎ አጠገብ ያለው ብረት በጠንካራው የውድድር መሸፈኛ፣ ኤስኤፍአይ 45.1 በሚባለው መለኪያ በተሠራው፣ መልበስ አለበት። የቧንቧ መጠቅለያ የሚመስለው ለስላሳ ስፖንጅ ጥቅም የለውም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ከጋራዡ ሰው እለያለሁ። ወደ ሥራ የሚመላለሱበት መኪና ነውና ባኬቱን ሳይቀመጡበት አይግዙ። ጎኖቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ መግባትና መውጣቱ ራሱ ሥራ ነው፤ ዳሌን የሚጨምቅ መቀመጫ በሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ይቻላል፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ መጨናነቅ ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሻጭ ቤት ሄደው እግር እስኪደነዝዝ ድረስ ይቀመጡበት፤ ቢያፍሩም ይቀመጡ።

ባለ ፍራንክፈርቱ

እኔ የምኖረው ጀርመን ስለሆነ ሕጉ ይለያል፤ ሆኖም እዚህ ያለው አሠራር ለምርጫ የሚረዳ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ መቀመጫ መቀየር የግል ጉዳይ አይደለም። መቀመጫውም መያዣ ብረቱም ለዚያ መኪና የተፈቀዱ መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል፤ እንደ ሰነዱ ዓይነትም ቱፍን በመሰለ መርማሪ ታይቶ በመኪናው ሊብሬ ላይ ይመዘገባል፤ ያለዚያ መኪናው በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ሬካሮ ፖል ፖዚሽን የተባለውን ባኬት በሁለት መልክ የሚሸጠውም ለዚህ ነው፦ አንዱ የመንገድ ፈቃድ ያለው፣ ሌላው ለውድድር የፊያ ማረጋገጫ ያለው። መልካቸው ይቀራረባል፤ ያገለገለ ሲገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ምልክት ሳያነቡ አይክፈሉ።

የፊያን ምልክት በተመለከተ፣ በ8855-1999 መለኪያ የተሠራ መቀመጫ ከተመረተበት ጀምሮ ለ5 ዓመት ብቻ ነው ለውድድር የሚያገለግለው፤ ከፍ ያለው 8862-2009 ደግሞ 10 ዓመት አለው። ጊዜያቸው ያለፈ መቀመጫዎች ስለዚህ በርካሽ ይገኛሉ። ለእርስዎ ዓይነት የሥልጠና ቀን ጊዜው ማለፉ ብቻውን መቀመጫውን ከንቱ አያደርገውም፤ የማይታወቀው ታሪኩ ግን ያደርገዋል። የባኬቱ ቅርፊት የሚሠራበት ፋይበር ግላስ ተጋጭቶ ከተሰነጠቀ በኋላ በጨርቅ ሥር ተሸፍኖ ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል። ሽፋኑን ገልጠው በጎን ቡሎኖቹ ዙሪያና በቀበቶ ማሳለፊያ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ነጭ ሰረዝ ካዩ ይተዉት። በተለይ የብራይድና የሬካሮ አስመስሎ የተሠራ ብዙ ስላለ፣ ከሚገባው በላይ ርካሽ የሆነውን ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን የሚያነብ ባለ አዲስ መኪና ካለ። የ1996ቱ ሚያታ ኤርባጎች በመሪውና በዳሽቦርዱ ውስጥ ስለሆኑ መቀመጫው ሲወጣ አይነኩም። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግን የጎን ኤርባጉ መቀመጫው ውስጥ ነው። በቦታው ሬዚስተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰክቶ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ማጥፋት መኪናውን ያታልላል እንጂ ኤርባጉን አይመልስም።

ረጅሙ ሹፌር (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እርሷ በሌላው መኪና ልትነዳ ተስማምታለች፤ ለእኔ መቀመጫ ሐዲድ አያስፈልግም ማለት ነው። በዚህ ክረምት ስፖንጁን አሳንሼ ሮል ባሩን አስገባለሁ፤ ከዚያ በእንጨቱ ለክቼ ሁለት ባኬት እገዛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ በአዘቦት ቀን የፋብሪካውን ቀበቶ መጠቀም እፈልጋለሁ፤ መቆለፊያው ግን የታሰረው በመቀመጫው ላይ ነው። መቀመጫው ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? መያዣ ብረቱንስ ብየዳ ቤት ላሠራው እችላለሁ?

የጋራዡ ሰው (ሜሪላንድ)

መቆለፊያው መቀመጫው ላይ መታሰሩ ዋናው ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መለኪያ ቁጥር 207 መቀመጫው ከወለሉ ጋር የተያያዘበት ክፍል የመቀመጫውን ክብደት ሃያ እጥፍ እንዲችል ይጠይቃል፤ ቀበቶ መቀመጫው ላይ ከታሰረ ደግሞ የቀበቶው ጭነት በዚያው ላይ ይደረባል። በግጭት ጊዜ መያዣ ብረቱ የሚይዘው መቀመጫውን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም ጭምር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ተብሎ የተሠራና ለመቆለፊያው ራሱን የቻለ ወፍራም ጆሮ ያለው መያዣ ይግዙ። ከጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ የሚበይድ ሰው ሥራው ቢያምርም አይቀበሉት። የፊያ ደንብ ለጎን መያዣዎች ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የብረት ውፍረት፣ እንደ አሉሚኒየም ያለ ቀላል ቅይጥ ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይጠይቃል፤ ይህን ዝቅተኛው ወለል አድርገው ይውሰዱት።

አገጣጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። የፋብሪካው መቀመጫ በአራት ቡሎን ነው የታሰረው። ከማንሳትዎ በፊት የመቆለፊያውን ገመድና፣ በራስ መደገፊያው ውስጥ ድምፅ ማጉያ ካለ የእርሱንም ገመድ ይንቀሉ፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ሲጎትት ይበጥሰዋል። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ዝገት ካለባቸው የቡሎን ጥርስ በሚያጸዳ መሣሪያ ያጽዷቸው።

ብዙዎች የሚቸኩሉበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። አራቱ ቦታዎች በአንድ ከፍታ ላይ ስላልሆኑ፣ መያዣው በትክክል ካልተሠራ አንዱ ጥግ ከወለሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያንን ክፍተት በቡሎኑ ኃይል ጎትተው አይዝጉት፤ ብረቱ ይጣመማል፣ የፋይበር ግላሱ ቅርፊትም ቀን ከሌት ጭነት ተሸክሞ ይኖራል። ሮንዴላ በሮንዴላ መደራረብም አልወድም፤ በልኩ የተቆረጠ አንድ ወጥ የብረት ማስገቢያ ይሠራለት። በተሳፋሪው በኩል ሐዲድ ካስገቡ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ችግር የሚንሸራተተው ከታሰረ በኋላ የሚይዝ ከሆነ መያዣው ተጣሟል ማለት ነው።

ከማጥበቅዎ በፊት ተቀምጠው ይሞክሩ፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ ይቆይ፣ ትከሻዎ ከመቀመጫው ሳይላቀቅ የእጅዎ አንጓ በመሪው አናት ላይ ይረፍ። መቀመጫው ከመሪው ፊት ለፊት መሆኑንም ይመልከቱ፤ አንዳንድ መያዣዎች ወደ ዋሻው ጠጋ ስለሚያደርጉት ወገብ ጠምዞ መንዳት ያመጣል። የቅርፊቱ ማጋደል በጎን ቀዳዳዎቹ ስለሚስተካከል የፊቱን በአንድ ቀዳዳ ከፍ፣ የኋላውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ራስዎ ከእንጨቱ በታች የሚገባውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ማጥበቂያውን በመኪናው የጥገና መመሪያ ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ያድርጉት፤ ከመጀመሪያው የሜዳ ቀን በኋላም አራቱንም የወለል ቡሎኖችና የጎኖቹን ደግመው ይፈትሹ።