ያለ ፌስታል የመሸጥ ሐሳብ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ረቂቅ

የሸማቾች ማኅበሩ ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ከሱቃችን አንዱ ክፍል ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ስኳርና ዘይት ሳይታሸጉ፣ ገዢው ባመጣው ዕቃ እየተመዘኑ የሚሸጡበት እንዲሆን የሚጠይቀውን ረቂቅ እንድታርሙት አቅርቤአለሁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ፌስታል ስለነበር ወፈር ያለውን መግዛት መሹለኪያ ሆኖን ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ በፌስታል ላይ ከጣለው ክልከላ በኋላ ግን በዚያ መንገድ መቀጠል አያዋጣንም። በረቂቁ አንቀጽ 3 ላይ «ዕቃ ያላመጣ አይስተናገድም» የሚል ሰፍሯል።

የእናቶች ተወካይ፦ ሐሳቡን ብደግፍም አዲስ ግኝት አስመስለን ባናቀርበው እመርጣለሁ። ከእህል በረንዳም ሆነ ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ጤፍ የምንሸምተው ጆንያችንን ይዘን ነው፤ ፌስታል ያስለመደን የግማሽ ኪሎ ምስርና የሩብ ኪሎ ስኳር ግዢ ነው። አንቀጽ 3ን ግን አልቀበለውም። ከሥራ ስትመለስ ሽሮ ማለቁ ድንገት ትዝ ያላት ሴት ባዶ እጇን ብንሸኛት፣ ከነገ ጀምሮ የምትሸምተው ማዶ ካለው ሱቅ ነው።

የሚዛን ሠራተኛ፦ እኔን ያሳሰበኝ ሚዛኑ ነው። ባለፈው ወር አንድ አባት ምስር በብርጭቆ ዕቃ ሲገዙ ባዶውን ሳልመዝን ሞልቼ ስለሰጠኋቸው፣ 300 ግራም ያህል ብርጭቆ በምስር ዋጋ ከፍለው ሄደዋል። በማግሥቱ ሲመጡ ይቅርታ ጠይቄ ገንዘባቸውን መልሻለሁ። ስለዚህ ባዶው ዕቃ ከነክዳኑ አስቀድሞ ይመዘን፣ ክብደቱም በዕቃው ታችኛ ክፍል ይጻፍበት (ክዳን ላይ ከተጻፈ ክዳን ይለዋወጣል)፣ የሚዛኑም ቁጥር ለገዢው ይታይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ነቀዝ ካልተከላከልን የሚጠብቀን ኪሳራ ነው። አዲስ የመጣውን ምስር በአሮጌው ላይ መገልበጥ ቀርቶ፣ በርሜሉ ተሟጥጦ፣ ታጥቦና ደርቆ ካልሆነ በቀር እንዳይሞላ በረቂቁ ይግባ። ዘይቱን ግን ለሁለተኛው ዙር እናቆየው፤ ውስጡ በቅጡ ያልደረቀ ሃይላንድ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፣ ዘይቱ ሲበላሽም ወቀሳው ወደ እኛ ነው።

አንድ አባል፦ ፌስታሉን ከመደርደሪያ አንስተን እህሉ የሚመጣበትን ጆንያ፣ ማዳበሪያውን፣ ግን ብንረሳው ራሳችንን እንደማታለል ነው፤ እሱም የተሠራው ከፕላስቲክ ነው። ነጋዴው ባዶውን ተረክቦ ደግሞ እንዲሞላልን እንዋዋል፤ እምቢ ካለ ለቁራሌው እንስጥ። ዕቃ ላልያዘው ሰው ደግሞ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ማስያዣ እየተቀበልን የአቡጀዲ ከረጢት እናውሰው፤ ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል።

የእናቶች ተወካይ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሽሮ በአቡጀዲ ስፌት መካከል ስለሚበን፣ ለሽሮ የብርጭቆ ዕቃ ይዘጋጅ።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 3 «ዕቃ ያላመጣ ገዢ በማስያዣ ከረጢት ወይም የብርጭቆ ዕቃ ተውሶ ይስተናገዳል» ተብሎ ተስተካክሏል፤ ዘይት ወጥቷል፤ የሚዛኑ፣ የበርሜሉና የማዳበሪያው አሠራር ገብቷል። የማስያዣው መጠን ከመወሰኑ በፊት፣ ገንዘብ ያዣችን የአንዱን ከረጢት የጨርቅና የስፌት ዋጋ ጠይቀው እስከ ሐሙስ ያሳውቁን።