እናቴን ይዤ ወደ ሰሜን ስዊድን፦ ኪሩና እንረፍ ወይስ አቢስኮ?

ጠያቂዋ (ጎተንበርግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከጎንደር መጥታ እኔ ጋ ናት። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። የሰሜን ብርሃንን በቴሌቪዥን አይታ «ይሄንንማ ሳላይ አልመለስም» ብላለች። የልጆቼ ስፖርትሎቭ (የብርድ ወቅቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት) በፈረንጆቹ ዓመት 7ኛ ሳምንት ላይ ነው፣ ከየካቲት 2 እስከ 8። ሁዳዴ የካቲት 9 ስለሚገባ ቅበላውን እዚያው ልናደርገው አሰብን። የት እንረፍ? ብርዱንስ ትችለዋለች? ደግሞ «የአጋዘን (የሰሜኑ ሬንዲር) ሥጋ ለእኛ ይፈቀዳል ወይ?» ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

ሰሜነኛው (ሉሌዮ)፦
እህቴ፣ ቀኑን ለኪሩና፣ ሌሊቱን ለአቢስኮ ስጪ። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ስለሆነ ለሁለቱም ቦታ ያው ነው። የሚለያያቸው ደመናው ነው። ከኖርዌይ በኩል የሚመጣውን ደመና ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት አቢስኮ በስዊድን ዝናብ ከሚያንሳቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ኪሩና ተደፍኖ ሲውል አቢስኮ ዳር ባለው ቶርኔትሬስክ ሐይቅ ላይ ሰማዩ ሊገለጥ ይችላል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ። በወንበር ሊፍት ኑኦልያ ተራራ ላይ ወጥቶ ማየትም አለ፤ ለእማማ ግን በጨለማ፣ በዚያ ብርድ፣ ክፍት ወንበር ላይ መንጠልጠል ነውና ይቅርባቸው። ከሐይቁ ዳርም ሰማዩ ያው ነው።

ነርሷ (ኡፕሳላ)፦
ብርድ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው፣ መድኃኒታቸውም ከእጅ ቦርሳ አይለይ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 እና 30 ዲግሪ ሊገባ ይችላል። ከሥር ጥጥ አታልብሺያቸው፣ ላቡን ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ይሁን፣ በላዩ ፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ)፣ ከዚያ ኦቨራል (ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ወፍራም ልብስ)። ኦቨራሉን አትግዢ፣ አስጎብኚዎቹ ያውሳሉ ወይም ያከራያሉ። ጫማው አንድ ቁጥር ይብለጥ፤ ጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ መደረብ ደሙ እንዳይዘዋወር ነው የሚያደርገው። ሊወጡ ሲሉ ፊታቸውን ውሃ የበዛበት ክሬም ሳይሆን ቫዝሊን ቀቢያቸው። ጫማው ላይ ብሮዳር (ከሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ) ግድ ነው፤ በበረዶ ተንሸራቶ መውደቅ ከብርዱ የባሰ ነው። ለጉልበታቸው ስፓርክ ለምኚላቸው፦ ወንበር ያለው፣ ከኋላ በእግር እየተገፋ የሚንሸራተት ነገር ነው። የሰሜን አሮጊቶች ሱቅ የሚሄዱት በሱ ነው። ልጆቹ ይግፏቸው።

መንገደኛ (ስቶክሆልም)፦
ከዚህ የሌሊት ባቡር አለ፤ አቢስኮ ለመድረስ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመኝታ ክፍል ከሆነ እናትሽ ይችሉታል፤ በወንበር ከሆነ ግን በአይሮፕላን ውሰጃቸው። ከኪሩና በአቢስኮ በኩል ወደ ኖርዌይዋ ናርቪክ የሚሄደው ሐዲድ በዋናነት የብረት ማዕድን መጫኛ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 የማዕድን ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ መስመሩ ለሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር፣ ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት አረጋግጪ። መኪና ከተከራየሽ ደግሞ መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ታስሮ ካየሽ ፍጥነት ቀንሺ፤ አጋዘን አቅራቢያ አለ ማለት ነው። ከገጨሽ 112 መደወል ግዴታ ነው።

የሰንበት ተማሪ (ኦስሎ)፦
ስለ ሥጋው፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል። የማን እጅ ባረደው ብለው ከተጨነቁ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፣ እኔ አልፈርድም። ከአቢስኮ ናርቪክ ብቅ ማለት ካማራችሁ በሼንገኑ ቪዛ ይቻላል፣ ፓስፖርት ብቻ አትርሱ። ስቫልባርድ (የኖርዌይ የሩቅ ሰሜን ደሴቶች) ግን ከሼንገን ውጭ ስለሆነ ባለ አንድ መግቢያ ቪዛ ይዘው ከሄዱ መመለሻ ያጣሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀኑን ኪሩና ምን እናሳያት? ሳሚዎቹንም (አጋዘን አርቢዎቹን የሰሜን ነባር ሕዝቦች) ማየት ትፈልጋለች።

ሰሜነኛው፦
በፈረንጆቹ 1912 የተሠራውን የኪሩናን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አሳዪያቸው። ማዕድኑ ከሥር መሬቱን ስለሚያስምጠው ከተማው እየተዛወረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም በፈረንጆቹ ነሐሴ 2025 ሳይፈርስ እንዳለ በተሽከርካሪ ጭነው 5 ኪሎ ሜትር ወስደውታል። እማማ ይሄን አያምኑም! ከዚያ ኪሩና አቅራቢያ ወዳለችው መንደር ወደ ዩካስየርቪ ውሰጃቸው። በረዶ ሆቴሉ ለፎቶ ነው፣ ቲኬቱም ውድ ነው፤ ይልቅ እዚያው መንደር ያሉ ሳሚዎች ድንኳን ውስጥ እሳት ዳር ያስቀምጧችኋል። ሱኦቫስ ይቀርባል፣ በጨው ታሽቶ የተጨሰ የአጋዘን ሥጋ፤ እሳት ላይ የሚፈላ ቡናም አለ። አይብ ቆርጠው ቡናው ውስጥ ሲጨምሩ እማማ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ልጆቹን ግን አንድ ነገር ምከሪልኝ፦ «ስንት አጋዘን አላችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ። ባንክ ስንት ብር አለህ እንደማለት ነው። ስዊድን ውስጥ ባለቤት የሌለው አጋዘን የለም፣ ሜዳ ላይ ብቻውን ያየሽው ሁሉ የሰው ነው፤ ስለዚህ ለፎቶ ብለው አያባርሩት። የአቢስኮውን ማረፊያ ደግሞ ዛሬውኑ ያዢ፣ በስፖርትሎቭ ጊዜ ቶሎ ያልቃል።