የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ ሁልጊዜ ተይዞ ነው የምናገኘው፤ ለማን ይነገራል?

የመምህሩ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት ግራ እግሩ ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በየወሩ ጡረታውን ሊቀበልና መድኃኒት ሊገዛ ወደ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እወስደዋለሁ፤ ባንኩም መድኃኒት ቤቱም ምድር ቤት ናቸው። ከተዳፋት መግቢያው አጠገብ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል የተቀባባቸው ሁለት የመኪና ማቆሚያዎች አሉ። ሥዕሉ ያምራል ይላሉ። አባቴ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ መኪና ተቀምጦበታል።

አንደኛውን የሕንፃው ባለቤት እንግዶች ይይዙታል። ሁለተኛው ላይ ጠዋት ባጃጅ ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ በርጩማዎቿን ትደረድርበታለች። (ልጅቱን አልከስሳትም፤ ገና ከሩቅ ስታየን ታነሣለች። መኪና ግን እንደ በርጩማ አይነሣም።)

ባለፈው ሳምንት የባሰ ገጠመኝ። አንድ መኪና ውስጥ፣ ስፖኪዮው ላይ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበት ሰማያዊ ካርድ ተሰቅሏል። ባለ መኪናው ካርቶን ተሸክሞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ አገኘሁት። ብጠይቀው «ፈቃድ አለኝ፣ የአሜሪካ ነው» አለኝ። ዝናብ እየጣለ ነበር። አባቴን ከመንገዱ ማዶ አውርጄ በኮብልስቶኑ ላይ ስገፋው የፊተኛው ጎማ ድንጋዮቹ መካከል ተሰንቅሮ ወደ ፊት ሊደፋብኝ ለጥቂት ነው የተረፈው።

እንዲህ ያለ ካርድ እዚህ ይሠራል? አቤቱታዬን ለማን ላቅርብ? ቦታውን በሰንሰለት እንዲዘጉት ብጠይቅስ?

ባለ ክራንቹ (ባሕር ዳር)፦

እህቴ፣ እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ሁለቱም እግሮቼ ደክመዋል፤ በእጅ የሚነዳ መኪና አለኝ። አቤቱታው ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው ለነገ የሚሆንሽን ልንገርሽ። መጀመሪያ ቦታ አትፈልጊ። አራቱንም ፍሬቻ አብርተሽ ተዳፋቱ ሥር ቁሚ፣ አባትሽን አውርጂ፣ ወንበራቸውን ደረቅ ቦታ አድርሰሽ ፍሬን ያዥላቸው፤ መኪናውን ከዚያ በኋላ ወስደሽ የትም አቁሚው። በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ወንበሩን ወደ ፊት አትግፊ። አዙረሽ ወደ ኋላ ሳቢው፤ ትላልቆቹ ጎማዎች ከቀደሙ ትንንሾቹ አይሰነቀሩም።

ሰዎች የማይገባቸው የቦታውን ስፋት ነው። በአሜሪካ መለኪያ ለመኪናው 2.44 ሜትር ይተውና ከጎኑ ደግሞ ምንም የማይቆምበት 1.52 ሜትር መተላለፊያ ይጨመራል። ዋናው ይህ ባዶው ነው። በሩ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተና ወንበሩ ከመቀመጫው ጎን ካልገባ ሥዕሉ ጌጥ ብቻ ነው። «እኔ እኮ ቦታው ላይ አልቆምኩም፣ ጎኑ ነው ያቆምኩት» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ አንዱ በሬን አስጠግቶ አቁሞ ሄዷል። ግንብ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። «ቅዳሴ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ቅዳሴ አቋርጠህ መምጣት ነበረብህ አይባል ነገር!

ዘበኛው (ፍኖተ ሰላም)፦

እህት ዓለም፣ የሕንፃውን ዘበኛ አትቀየሚው። እኔም ዘበኛ ነኝ፤ እኛም ግቢ ይህ ቦታ አለ። የባለቤቱ ወንድም ትልቅ መኪናውን እዚያ ላይ ሲያቆም «ጌታዬ፣ ይህ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ነው» ብዬ ብነግረው «አካል ጉዳተኛው ታዲያ የታለ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ደመወዜን የሚከፍለኝ ወንድሙ ነው።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ ወረቀት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ከአካል ጉዳተኛ በቀር ማንም እንዳያቆም፣ የባለቤቱ ቤተሰብም ቢሆን» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። ጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን እኔ ማንንም አልከለክልም፤ የሚከለክለው ወረቀቱ ነው። አንቺም ዘበኛውን ከመጨቅጨቅ ይህን ወረቀት አስጽፊለት፤ ደስ ነው የሚለው።

ሰንሰለቱን ግን ተይው። ቁልፉ የሚውለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ምሳ ሲሄድ አባትሽ ቢመጡ ማን ይከፍትላቸዋል? አሮጌ ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው መሀሉ ላይ ብረት ያቁሙበት። ሌላ ሰውም እያንከባለለ ሊያነሣው ይችላል፣ አዎ። ነገር ግን ዝናብ ላይ ወርዶ፣ ሰው እያየው፣ ጎማ አንከባልሎ የሚያቆም ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ደፋር የሚሆነው መስታወቱን ዘግቶ ነው።

የደንብ ነገር (ደብረ ማርቆስ)፦

ለመዝገብ ያህል፦ ግዴታው አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ ተደራሽነት በስምምነቱ አንቀጽ 9 ላይ አለ።

ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ «ፓርኪንግ ተያዘብኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ እንደ ቅንጦት ያዩታል። «አባቴ ወደ ሕንፃው የሚገባበት መንገድ ተዘጋ» ብለሽ ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንዳወረድሻቸው፣ ጎማው የተሰነቀረበትን ቦታ ጥቀሺ፤ ፎቶግራፍም አያይዢ። መጀመሪያ ለሕንፃው ባለቤት ስጪ፤ ግልባጩን ለባንኩ ቅርንጫፍ አድርጊው። ተከራይ ሲጠይቅ ባለቤት ቶሎ ይሰማል። መልስ ካጣሽ በአዋጁ «የሕንፃ ሹም» ለሚባለው የከተማው ኃላፊ አቅርቢ፤ የከተማው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አብሮሽ ቢፈርም ደብዳቤው ይከብዳል።

የደጀን ልጅ (ካሊፎርኒያ)፦

ስለ ካርዱ እኔ ልመልስ፤ እናቴ አላት። ካርዱ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ለመኪና አይደለም። እናቴ የማንንም መኪና ብትሳፈር ይሠራል፤ እናቴ ከሌለች ግን ወረቀት ነው። እዚህ ባለቤቱ ሳይኖር በሰው ካርድ ያቆመ ሰው ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል። የቋሚ ጉዳተኛው ካርድ ሰማያዊ፣ የጊዜያዊው ቀይ ነው። ሰማያዊውም ቢሆን ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ጁን 30 ያበቃል፤ ዓመቱ ላዩ ላይ ስለሚጻፍ ቀረብ ብለሽ አንብቢው። ያ ወጣት ምናልባት የአክስቱን ካርድ ከሻንጣ ጋር ይዞ የመጣ ይሆናል። አክስቲቱ አብራው እስካልወረደች ድረስ እንኳን ደብረ ማርቆስ፣ ሎስ አንጀለስም አያስቆመው።

አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አንቺስ ብቻሽን መድኃኒት ልትገዢ ስትሄጂ የት ነው የምታቆሚው?

ብረት እግር (ዳንግላ)፦

ደረጃ ስለዘለለው ልጅ ምንም አልልም። ግን ሱሪ ለብሼ ስሄድ እኔንም ጤነኛ ነው የሚሉኝ። ቀኝ እግሬ ሰው ሠራሽ ነው፤ ጠዋት ደህና እራመዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቁስሉ ሲያብጥ ሃምሳ እርምጃ ይከብደኛል። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ቦታ ሳቆም አንዲት ሴት በሰው ፊት ሰደበችኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ብረቱን አሳየኋት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ አፈርኩ። የልብና የሳንባ ሕመምተኛም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ «ይህን ቦታ ይፈልጉታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ውሸታሙ ራሱን የሚያጋልጠው ሲመልስ ነው።

የመምህሩ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለደጀኑ ልጅ እውነቱን ልንገርህ፤ ጥያቄህን ሁለት ቀን ሳልመልስ የቆየሁት አፍሬ ነው። ሦስት ጊዜ ያህል ቦታው ክፍት ሆኖ አግኝቼ ብቻዬን አቁሜበታለሁ። «ለአባቴ መድኃኒት ነው» እል ነበር በልቤ። አባቴ እቤት ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል፤ እኔ በሁለት ደህና እግሮቼ ወርጄ ገባሁ። ያ ልጅም ካርቶኑ የአክስቱ ነበር ይሆናል።

ደብዳቤውን እንደተባልኩት ጻፍኩ፣ ለባንኩም ግልባጭ አደረግሁ። ባለቤቱ ጠርቶ ቡና ጋበዘኝ፤ እንግዶቹ እዚያ እንደሚያቆሙ አላውቅም ነበር አለኝ። አላመንኩትም፣ ግን ቡናውን ጠጣሁ። ለዘበኛው የሚሰጠውን ወረቀት እዚያው ፈረመ። ሲሚንቶ የተሞላው ጎማም ተሠራ። ለጊዜው ያገኘነው አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ባጃጆቹ አሁንም አሉ፣ ለነሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ባለ ካርዱን ደግሞ ትናንት መንገድ ላይ ቆሞ አየሁትና ቀረብ ብዬ አነበብኩት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2019 ይላል።

ዛሬ አባቴን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ጎማውን አንከባለለ፣ በሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ፣ ወንበሩን ጎኑ አስገባሁ። አባቴ ግን አልወርድም አለ። አንገቱን አስግጎ መሬቱ ላይ ያለውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ማን ነው የሣለው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ጎማው ክብ አይደለም፤ ይህ እንቁላል ነው» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወረደ።