ኳሷ በጉን ነክታ ገባች፤ ግቡን መሻሬ ትክክል ነበር ወይ?

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ ሜዳ ላይ በየክረምቱ የሚካሄደውን የሰፈሮች ውድድር በዳኝነት ማገልገል ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። የዳኝነት ኮርስ የወሰድሁት በ2004 ዓ.ም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁት ሁሉ ሜዳ ላይ የለመድሁት ነው። ረዳት ዳኞች የሉኝም። መስመር ላይ ባንዲራ የሚይዙልኝ የየቡድኑ ተቀያሪዎች ስለሆኑ ኳስ መውጣቷን ከማሳየት አልፈው እንዲያግዙኝ አልጠብቅም፤ ከጨዋታ ውጪውንም ሆነ ሌላውን የምወስነው ብቻዬን ነው።

ባለፈው እሑድ በግማሽ ፍጻሜው ላይ የገጠመኝ እንዲህ ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 ነበር። በ82ኛው ደቂቃ አጥቂው በረኛውን አልፎ ኳሷን ወደ ባዶው ግብ ገፋት፤ ሜዳው ጭቃ ስለነበር ኳሷ የምትሄደው እየተንከባለለች ሳይሆን እየተንፏቀቀች ነበር። በዚያው ሰዓት ከግቡ ጀርባ ባለው መንገድ የበግ መንጋ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበርና፣ አንዱ በግ ደንብሮ መረብ በሌለው ግብ መካከል ወደ ሜዳ ገባ። ኳሷ የኋላ እግሩን ነካ አድርጋ፣ አቅጣጫዋን እምብዛም ሳትለውጥ፣ መስመሩን አለፈች። እኔ ፊሽካ ነፍቼ ግቡን ሻርሁ፤ ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ተጫዋች አቁሜ ኳሷን በመካከላቸው ጥዬም ጨዋታውን አስቀጠልሁ።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመልካቹ ሜዳ ገባ። የውድድሩ ኮሚቴና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ጥግ ወስደው «ለሰላሙ ሲባል አጽድቅላቸው» ብለው ለመኑኝ፤ እኔ ግን አሻፈረኝ አልሁ። ግባቸው የተሻረባቸው ልጆች በመለያ ምት ተሸነፉ። ነገሩን ያከበደው ደግሞ በአሸናፊው ቡድን ውስጥ የአክስቴ ልጅ መኖሩ ነው። ግቡን መሻሬ ልክ ነበር ወይ? ጨዋታው ከቀጠለ በኋላስ ውሳኔዬን መለወጥ እችል ነበር ወይ?

የቀድሞ ዳኛ፣ ደሴ

እንደ ታናሼ ስለምቆጥርህ አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ኮርስ ላይ የተማርኸው በጊዜው ትክክል ነበር። ያኔ ከውጭ የመጣ ሰው፣ እንስሳ ወይም ዕቃ ኳሷን ከነካ፣ ወደ ግብ እየሄደች ቢሆን እንኳ ጨዋታው ቆሞ ኳሷ ትጣል ነበር። የጨዋታ ሕጎቹ በ2008 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2016፣ በሰፊው ሲታደሱ ግን ይህ ተለወጠ። ዛሬ በሕግ 5 መሠረት ወደ ግብ የምትሄድን ኳስ ባዕድ ነገር ቢነካትም፣ ንክኪው ተከላካዩን ኳሷን እንዳይጫወት ካልከለከለውና ኳሷ ከገባች ግቡ ይጸድቃል። ጣልቃ የገባው ከአጥቂው ቡድን ወገን ከሆነ ብቻ ነው የማይጸድቀው፤ በጉ ደግሞ የማንም ወገን አይደለም።

ስለዚህ ዳኛው ማድረግ የነበረበት መጠበቅ ነው። ኳሷ በጉን ነክታ ወደ ውጭ ብትወጣ ወይም በጉ ላይ ብትቆም ኖሮ የምታስቆመው ያኔ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ፊሽካውን የነፋኸው ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ካለፈች በኋላ ነው ወይስ ከማለፏ በፊት?

ኳሷን በሁለት ተጫዋቾች መካከል መጣልህም የድሮ ሥርዓት ነው። ከ2011 ዓ.ም ማሻሻያ ወዲህ ኳስ የሚጣለው ለአንድ ተጫዋች ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁሉ ቢያንስ 4 ሜትር ይርቃሉ። ጨዋታው ሲቆም ኳሷ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከነበረች ደግሞ የምትጣለው ለተከላካዩ ቡድን በረኛ ነው። አንተ ባደረግኸው ግን አጥቂው በግቡ አፍ ላይ ሁለተኛ ዕድል አግኝቷል፤ ሌላኛው ቡድን ይህን አለማወቁ በጅቶሃል።

ቦርከና

ኮምቦልቻ ውስጥ የታዳጊዎች ቡድን አሠለጥናለሁ። ጋሼ የጻፉት ሕጉን በተመለከተ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ «ተከላካዩን ካልከለከለው» የሚለው ሐረግ በእኛ ሜዳ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ቀለል አድርገው ያለፉት ይመስለኛል። ተከላካይ እየሮጠ መጥቶ በግ ሲገባ ቢያይ ጨዋታው ቆሟል ብሎ እግሩን ይሰበስባል። በጉ አካሉን አልነካውም፤ ነገር ግን አስቁሞታል። ይህ መከልከል ነው ወይስ አይደለም? እኔ በዳኛው ቦታ ብሆን የምመለከተው የልጁን መቆም ሳይሆን፣ ባይቆም ኖሮ ይደርስ እንደነበርና እንዳልነበር ነው። ጠያቂያችን ተከላካዩ የት እንደነበረ አልነገሩንም፤ ያለዚያ ማናችንም መፍረድ አንችልም።

ኮሚቴው ለሰላም ሲል ግብ አጽድቅ ማለቱ ግን አሳዝኖኛል። ዛሬ ለሰላም ተብሎ የተሰጠች ግብ በሚቀጥለው እሑድ ጩኸት የሚያበዛ ቡድን ታስተምራለች፤ ይህን በገዛ ልጆቼ ላይ አይቸዋለሁ።

የጦሳ ሥር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ተከላካዩ ከአሥር እርምጃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ጭቃ ክንፍ ቢያወጣም አይደርስባትም። ጋሼ የጠየቁኝን ደጋግሜ አሰብሁት። ፊሽካውን አፌ ውስጥ እንደያዝሁ ስለምሮጥ፣ በጉ ብቅ ሲል ደንግጬ ነፋሁ። ያኔ ኳሷ ገና አንድ ክንድ ያህል ይቀራት ነበር።

የቀድሞ ዳኛ፣ ደሴ

እንግዲያው ነገሩ ተፈታ። በጉ ምክንያት አልነበረም፤ ግቡን የሻረው ፊሽካህ ነው። ፊሽካ ሲነፋ ጨዋታው ይቆማልና ከዚያ በኋላ መስመሩን ያለፈች ኳስ ግብ አትሆንም፤ ለበረኛው ኳስ ጥለህ ከመቀጠል ሌላ መንገድ አልነበረህም። ብትታገሥ ኖሮ ግን የጸዳች ግብ ነበረች። የእነዚያ ልጆች ቁጣ ከንቱ አለመሆኑን እወቅላቸው።

ፊሽካውን ከአፍህ አውጥተህ በእጅህ ያዘው። እኔም በወጣትነቴ እንዳንተ አፌ ውስጥ ይዤ እሮጥ ነበር፤ በዚህ ምክንያት አጥቂው ፋውሉን አልፎ ብቻውን ሊገባ ሲል ነፍቼ ያቋረጥሁት ጨዋታ ብዙ ነው። እጅህ ወደ አፍህ እስኪደርስ የምትፈጀው አንዲት ሴኮንድ ኳሷ የት እንደምትደርስ ታሳይሃለች።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ሕግ 5 ይመልሰዋል። ዳኛ ስሕተቱን ካወቀ የሚያርመው ጨዋታው ዳግም ከመጀመሩ በፊት ነው። አንተ ኳሷን ከጣልህ በኋላ ሽማግሌም ቢለምን፣ ኮሚቴም ቢያዝ በሩ ተዘግቷል። አሻፈረኝ ማለትህ ተገቢ ነበር።

ሐይቅ ዳር

ስለ አክስትህ ልጅ ማንም አልመለሰልህም። በእኛ አገር በሥጋ ባይሆን በጋብቻ፣ በጋብቻ ባይሆን በጡት ልጅነት የማይዛመድ የለም፤ ከዘመድ የጸዳ ዳኛ ይምጣ ከተባለ ውድድሩ ባይኖር ይሻላል። እኔ ሴቶች ሲጫወቱ ስዳኝ እኅቴ ከአንደኛው ወገን ስለነበረች፣ ሳንቲም ከመወርወሬ በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርቼ «ያቺ 6 ቁጥር እኅቴ ናት፤ የማትፈልጉኝ ከሆነ አሁን ተናገሩ» አልኋቸው። ሁለቱም ሳቁ። በጨዋታው እኅቴን ቢጫ ሰጠኋት፤ እሷም እስከ ማክሰኞ አላነጋገረችኝም።

የተሸነፉት ክስ ቢያስገቡም ባያስገቡም የሆነውን ጻፈውና ለኮሚቴው አስረክብ። ፊሽካው መቼ እንደተነፋ፣ ኳሷ የት እንደነበረች፣ ኳሷን ለሁለት ተጫዋቾች መጣልህ ስሕተት መሆኑንም ጭምር አስፍር። ፊሽካው ቀድሟል ወይስ አልቀደመም የሚለው ፍሬ ነገር ስለሆነ በዳኛው ቃል ይጸናል፤ ሕጉን በተሳሳተ መንገድ መተግበርህን በተመለከተ ግን ኮሚቴው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይየው።

የጦሳ ሥር

ሪፖርቱን ትናንት አስረከብሁ፤ ኳስ አጣጣሌ ስሕተት እንደነበረም ጽፌበታለሁ። ኮሚቴው ጨዋታው እንዲደገም አልወሰነም፤ ነገር ግን የፍጻሜው ጨዋታ በ9 ሰዓት እንዲጀመር ተስማምቷል። ያን ዕለት በሰፈሩ ቀብር ስለነበረ የጀመርነው በ10 ሰዓት ነበር። በ9 ከጀመርን 11 ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሳለን፤ በጎቹ የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።