ሊኑክስ ላፕቶፕ ከእንቅልፍ ሲነቃ ዋይፋይ ይጠፋል፤ መፍትሔው ምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ የጫንኩበትን ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግቼ ቆይቼ ስከፍተው የዋይፋይ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ የጎረቤት ኔትወርኮች እንኳ አይታዩም። አጥፍቼ ሳስነሳው ግን ወዲያው ይሠራል። ፒያሳ በሚገኘው ቢሮዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ለመቆጠብ ላፕቶፑን ማስተኛት ግድ ስለሚሆንብኝ፣ የከፈትኳቸውን ሰነዶች ሁሉ ዘግቶ እንደ አዲስ መጀመር ሥራዬን በእጅጉ እያስተጓጎለው ነው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
የጎረቤት ኔትወርኮችም ካልታዩ ችግሩ ከራውተሩ አይደለም። ላፕቶፑ ሲተኛ ወደ ዋይፋይ ካርዱ የሚሄደው ኃይል ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል፤ ሲነቃ ደግሞ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ካርዱን እንደገና ማስነሳት ይኖርበታል፤ ይህ ሳይሳካ ሲቀር እርስዎ የገለጹት ነገር ይከሰታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው በ«ዲሜሴጅ» (dmesg) ትዕዛዝ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን ዋና እምብርት፣ የመጨረሻ መልእክቶች ያንብቡ፤ ካጠፉት በኋላ ይህ ማስረጃ ከዚያ ላይ አይገኝም። የድራይቨሩን ስም «ኤልኤስፒሲአይ» ከ«ኬ» አማራጭ ጋር (lspci -k) ያሳይዎታል። ከዚያም በ«ሞድፕሮብ» (modprobe) ትዕዛዝ ድራይቨሩን አውጥተው መልሰው ይጫኑት። ካርድዎ አዲስ የኢንቴል ካርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ «አይደብሊውኤል-ኤምቪኤም» (iwlmvm)፣ ቀጥሎ «አይደብሊውኤል-ዋይፋይ» (iwlwifi) የተባሉት የድራይቨሩ ክፍሎች ይወጣሉ፤ ሲመለስ ግን ሁለተኛውን መጫን ይበቃል።

መልስ፣ ከሌላ የደሴ ነዋሪ፦
ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚመክረው በኔትወርክ ማኔጀር (የኔትወርክ ግንኙነቶችን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ቅንብር ውስጥ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባን ከ3 ወደ 2 መለወጥን ነው። ይህ ኃይል ቁጠባውን ስለሚያጠፋ፣ ላፕቶፑ ነቅቶ ሳለ መስመሩ ለሚቆራረጥበት ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ዝርዝሩ ጨርሶ ባዶ ለሆነበት ግን ከዚህ መጀመር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ኔትወርክ ማኔጀርን ብቻ እንደገና ማስነሳትም ቢሆን የሚረዳው ኔትወርኮቹ እየታዩ አልገናኝም ሲል ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድራይቨሩን አውጥቼ ስመልሰው ዋይፋዩ ተመለሰ። ይህን በየጊዜው በእጅ ከመጻፍ የሚያድን መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አለ። ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ላፕቶፑ ሊተኛ ሲል «ፕሪ»፣ ሲነቃ «ፖስት» የሚል ቃል እየሰጠ «ሲስተም-ስሊፕ» (system-sleep) በተባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ስክሪፕቶች (ትዕዛዞች የተጻፉባቸውን ፋይሎች) ያስኬዳል። በፕሪ ድራይቨሩን የሚያወጣ፣ በፖስት የሚመልስ አጭር ስክሪፕት ጽፈው እዚያ ያስቀምጡና የማስኬድ ፈቃድ ይስጡት። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከርነሉንና ፈርምዌሩን (በካርዱ በራሱ ላይ የሚሠራውን ሶፍትዌር) በማዘመን ስለሆነ፣ ጥሩ መስመር ባገኙ ጊዜ ሁለቱንም ያዘምኑና ስክሪፕቱን አንሥተው ይሞክሩት። ችግሩ ከቀጠለ ዲሜሴጅ ያወጣውን የስህተት መስመር እንዳለ ይለጥፉልን።